የሚነድ ፊትና የመርካቶው አረንጓዴ ጠርሙስ

«የሚያቃጥል ነገር አልፈልግም። ፊቴን ረጋ የሚያደርግልኝ ቶነር ካለህ ስጠኝ» አለች የአክስቴ ልጅ፣ ሻርፗን ከጉንጯ ሳታወርድ።

የቆምንበት ሱቅ በአንዋር መስጊድና በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን መካከል ካሉት ጠባብ የኮስሞቲክስ ቤቶች አንዱ ነው። ሁለት ገዢ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይጠብቃል። ውጪ ጆንያ የተሸከሙ ልጆች «መንገድ! መንገድ!» እያሉ በሰዉ መሀል ያልፋሉ፤ ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ ሎሽን፣ ቅባት፣ ሽቶና የጸጉር ቀለም ተደርድሯል። ባለሱቁ ጥያቄ አላበዛም። ከጀርባው ካለው መደርደሪያ ሦስት ጠርሙስ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አቆመ።

«ይሄ የኮሪያ ነው፣ ይሄ የቱርክ፣ ይሄኛው ከዱባይ የመጣ። ሁሉም ኦርጅናል ነው፣ እህቴ። ለሴንሲቲቭ ፊት ግን አረንጓዴውን ውሰጂ። ሰሞኑን የሚመጣው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።»

እውነቱን ነበር። እኛ እዚያው ቆመን ሳለ ሌሎች ሴቶችም ገብተው ያንኑ ጠየቁት። አንዷ ስልኳ ላይ የጠርሙሱን ፎቶ ይዛ ነው የመጣችው።

እኔም የሄድኩት ለራሴ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊቴ ቶሎ የሚቆጣ ነው። የቀትር ፀሐይ፣ የምጣድ ሙቀት ወይም ጠንካራ ሳሙና ከነካው ጉንጬ ይግላል፣ ይወጠራል፣ ያሳክከኛል፤ ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል። የአክስቴ ልጅ ፊት ግን የሚመለስ ዓይነት አልሆነም። እኔም እሷም ከአንድ ካርቶን የወጣውን አረንጓዴ ጠርሙስ ገዛን። የእኔን ፊት ያረጋጋው ያው ውሃ የእሷን ፊት አቃጠለው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ ልዩነት ነው፤ ምክንያቱም መርካቶ ውስጥ «የሚያረጋጋ ቶነር» ከሚጠይቁት ሴቶች ብዙዎቹ የእሷን እንጂ የእኔን ዓይነት ፊት ይዘው የሚመጡ ይመስለኛል።

ቶነር በመሠረቱ ውሃ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ካለው አብዛኛው ውሃ ሲሆን ሥራ የሚሠራው በቀሪው ጥቂት ክፍል ውስጥ ያለው ነው። የጤነኛ ቆዳ ላይኛው ገጽ በመጠኑ ወደ አሲድ ያደላ ነው፤ በፒኤች መለኪያ 5 አካባቢ። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ፊት በሳሙና ከታጠበ በኋላ የሚወጠረውና የሚፋጀው፣ ቆዳው ወደ ቀድሞ ሁኔታው እስኪመለስ ጊዜ ስለሚወስድበት ነው። የድሮው ቶነር የተሠራው የሳሙናውን ርዝራዥና የፊትን ወዝ በጥጥ ጠርጎ ለማንሳት ስለነበር አልኮሉ ብዙ ነበር። ለሚቆጣ ፊት እንዲህ ያለው ጭራሽ አይሆንም። በኋላ ከጃፓንና ከኮሪያ የመጣው ዓይነት ሌላ ነው። ግሊሰሪን ውሃ ይዞ ያቆያል። ፓንቴኖልና አላንቶይን የተቆጣ ቆዳን ያለሰልሳሉ። ናያሲናማይድ የተባለው የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ቆዳ የራሱን መከላከያ ቅባት እንዲሠራ ያግዛል። ሴንቴላ የሚባለው የእስያ ቅጠል ደግሞ በባህል ሕክምና ለቁስል ሲያገለግል የኖረ ነው። እኔ የገዛሁት አረንጓዴ ጠርሙስም ስሙን የያዘው ከዚህ ቅጠል ነው።

ሦስቱንም ጠርሙሶች ባለሱቁን አስፈቅጄ ወደ ብርሃኑ ወጣ አድርጌ ጀርባቸውን አነበብኩ። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው፤ ከመቶ አንድ በታች የሆኑት ብቻ በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊጻፉ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞች ያነበበ ሰው ጠርሙሱን አውቆታል ማለት ይቻላል። በአረንጓዴው ላይ ከውሃ ቀጥሎ ግሊሰሪን ነበር፤ አልኮልም ሽቶም አልተጻፈበትም። በቱርኩ ላይ ከውሃ ቀጥሎ አልኮል ነበር፤ ዝቅ ብሎ ሽቶ፣ ሊሞኒን፣ ሊናሎልና ሜንቶል። ባለሱቁ «ቀዝቀዝ ያደርጋል» ያለው ይህኛውን ነበር። ሜንቶል ግን ቆዳን አያቀዘቅዝም፤ ቅዝቃዜ የሚሰማውን ነርቭ ቀስቅሶ የበረደ ያስመስላል። የፊቱ ሙቀት እንዳለ ነው። ለሚቆጣ ፊት እንዲያውም ሜንቶል፣ ካምፈርና የባሕር ዛፍ ዘይት ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከል ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ «ሽታ የሌለው» ተብሎ የተጻፈበትም ሊያታልል ይችላል። የሌላውን ንጥረ ነገር ሽታ ለመሸፈን ሽቶ የተጨመረበት ሆኖ ለአፍንጫ ግን ምንም የማይሸት አለ። መፈለግ ያለበት «ሽቶ ያልተጨመረበት» የሚለውን ነው።

ጠርሙሶቹ እዚህ የደረሱበት መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ 38 ዓይነት ሸቀጦች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር፤ የመዋቢያ ዕቃዎችም ከእነሱ መካከል ነበሩ። ገበያው ግን አልቆመም፤ በሻንጣ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ክልከላውም ተነሣ፤ ብሩ ሲወርድ ዋጋው ናረ። ዋጋው በናረ መጠን ደግሞ ማስመሰል ያዋጣል። በሻንጣ የሚመጣ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ይቆይ፣ ተከፍቶ ይሞላ፣ ማንም አይከታተለውም። ስለዚህ ባንኮኒው ፊት ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነገር ነው፦ ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን ማየት፣ በካርቶኑና በጠርሙሱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ማመሳከር፣ የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ። ክፍት ማሰሮ ተስሎ «12» ከተጻፈበት፣ ከተከፈተ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ማለቅ አለበት ማለት ነው።

ከዚያ ወጥተን ወደ ቅመማ ቅመሙ ተራ ወረድን። የአክስቴ ልጅ አልፈለገችም፤ እኔ ነኝ የጎተትኳት። እናቶቻችን ፊታቸው ሲቆጣ የሚያደርጉት ነገር እዚያ ስለሚገኝ ሳላየው ማለፍ አልሆነልኝም።

«እትዬ፣ ለሚያቃጥል ፊት ምን አለዎት?»

ሴትዮዋ ከነጠላቸው ሥር እጃቸውን አውጥተው ወደ ጆንያዎቹ ጠቆሙ። አብሽ አለ፣ ተልባ አለ፣ በላስቲክ ጠርሙስ የጽጌረዳ ውሃ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ትኩስ የእሬት ቅጠል። «እሬቱን ከወሰድሽ፣ ልጄ፣ ቆርጠሽ ወዲያው እንዳትቀቢው። ቢጫው ውሃ እስኪወርድ ዘቅዝቀሽ አቁሚው። ነጩን ብቻ ነው።»

ትክክል ናቸው። ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ አሎይን የሚባል ነገር ይዟል፤ መራራውም እሱ ነው፣ ቆዳ የሚያስቆጣውም እሱ ነው። እናቶች ልጅ ጡት ለማስጣል የሚቀቡት ይህንኑ ምሬት ነው። የሚያለሰልሰው መሀሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። ሀገራችን በርካታ የእሬት ዝርያ ያላት ሲሆን ብዙዎቹ ሌላ ቦታ አይበቅሉም፤ በየፋብሪካው ጠርሙስ ላይ የተሳለው እሬት ግን ከእነሱ አንዱ ሳይሆን ከአረብ ምድር የወጣ ዝርያ ነው። ስለዚህ ከጓሮ የተቆረጠ ሁሉ ያው ነው ማለት አይቻልም፤ ክንድ ላይ ተሞክሮ ነው ወደ ፊት የሚወጣው።

ተልባ በውሃ ሲፈላ የሚተወው ልፋጭ ውሃ ይዞ ስለሚያቆይ ለደረቀ ፊት መጥፎ አይደለም፤ በዚያው ቀን መደፋት ግን አለበት፣ መከላከያ የሌለው ነገር ቶሎ ይበላሻል። የጽጌረዳ ውሃ ጥሩው በእንፋሎት ተጣርቶ የሚወጣ ነው። ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ውሃና ሽቶ ነው፤ እውነተኛውም ቢሆን ጠረኑ ለአንዳንድ ፊት አይስማማም። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ ለዘይት የሚሆነው የደማስቆ ጽጌረዳ ተተክሎ ዘይቱ ለአውሮፓ መዋቢያ አምራቾች ሲላክ ኖሯል። መርካቶ ላይ የምንገዛው የጽጌረዳ ውሃ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው።

ሎሚን በተመለከተ ግን አልለሳለስም። ፊት ላይ ሎሚ የሚያሹ ሴቶች አሁንም አሉ። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ቆዳን የሚያቃጥልና ጥቁር ምልክት የሚተው ነገር አለው። መደረግ የለበትም።

ቤት ገብቼ አረንጓዴውን መጀመሪያ ከጆሮዬ ሥርና ክንዴ ላይ ቀባሁት፤ ጠዋትና ማታ፣ ሳምንት ያህል። ቆዳ የሚቆጣው አንዳንዴ በደቂቃ፣ አንዳንዴ በቀናት ስለሆነ አንድ ቀን ሞክሮ ፊትን መሸፈን አደገኛ ነው። ምንም አላሳየም። ከዚያ ወደ ፊቴ አወጣሁት፣ በጥጥ ሳይሆን በእጄ፤ ጥጥ መፈተግ ነው፣ የተቆጣ ፊት መፈተግ አይወድም። ፊቴ ገና እርጥብ ሳለ አድርጌ፣ ከላዩ ወፍራም ሎሽን እደርብበታለሁ፤ አለዚያ የአዲስ አበባ የበጋ አየር ውሃውን ይዞት ይሄዳል።

ውጤቱን ሳላጋንን ልናገር። ከታጠብኩ በኋላ የሚሰማኝ መወጠር ቀነሰ። ከፀሐይ ስገባ ጉንጬ መጋሉን አልተወም፣ ግን ቶሎ ይበርዳል። የትኛው የቶነሩ፣ የትኛው የሳሙናው እንደሆነ ለመለየት ግን ይቸግረኛል፤ በዚያው ሰሞን ፊቴን በደረቅ የገላ ሳሙና መታጠብ ትቼ ነበርና። ገንዘብ የሚያጥራት እህት ብትጠይቀኝ ሳሙናውን ቀይሪ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፣ ቶነሩ ይቆይሽ ነው የምላት።

ቡናን ስለመተው ብዙ ሴቶች ሲመካከሩ እሰማለሁ። ፊታቸው የሚቀላ ሰዎች ትኩስ ነገር ሲጠጡ ደም ወደ ፊታቸው እንደሚወጣ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመና ከ82 ሺህ በላይ ነርሶችን የተከታተለ ጥናት ግን ቡና አብዝተው በሚጠጡት ዘንድ ሮዛሲያ የተባለው ፊት የሚያቀላ ሕመም እንዲያውም አነስ ብሎ እንደታየ አሳይቷል። እንግዲህ ስኒው ትንሽ ይብረድ፣ ቡና የምታፈላዋም ከከሰሉ ራቅ ብላ ትቀመጥ እንጂ ቡናው አይከሰስ።

የአክስቴ ልጅ ግን ጠርሙሱን በገዛን ማግስት ማታ ደወለችልኝ። «እንደ በርበሬ ነው ያደረገኝ» አለች እያለቀሰች። «በውሃ ታጠብኩት፣ ውሃውም አቃጠለኝ።»

ያኔ ነው ሙሉውን የነገረችኝ። ከሠርጓ በፊት ጓደኛዋ ከአንድ ሱቅ ተቀላቅሎ በትንሽ ማሰሮ የሚሸጥ ቅባት አምጥታላት ነበር። ስም የለውም፣ ይዘት አልተጻፈበትም። በሳምንቱ ፊቷ ጠራ፤ ብጉሯም ጠፋ። ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» አላት። ከሠርጉ በኋላ ልታቆም ስትል ፊቷ አበጠ፣ ነደደ፣ እንደ ገና ሽፍ አለ። መልሳ ስትቀባው ዳነላት። እንዲህ እያለች ከዓመት በላይ ሄደች።

ይህ ታሪክ በሕክምና ዓለም በደንብ የሚታወቅ ነው። ፊት በፍጥነት የሚያጠሩ ቅባቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን የመሳሰለው። ስቴሮይድ ቅባት ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የቆዳን ደም ሥር ማጥበብ ነው። ማኬንዚና ስታውተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 የእነዚህን ቅባቶች ጉልበት የሚለኩበት ዘዴ ያገኙት ከዚሁ ነው፦ ቆዳን ምን ያህል እንደሚያነጣ በማየት። እንግዲህ ገዢዋ መስታወት ፊት «ሠራልኝ» የምትለው የመድኃኒቱን ጉልበት ነው። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ ጠበው የነበሩት ደም ሥሮች ቅባቱ ሲቀር ከበፊቱ አብልጠው ይከፈታሉ። ክሊግማንና ፍሮሽ የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን የስቴሮይድ ሱስ ብለው ጽፈውታል።

ፊት ደግሞ እንደ ሌላው ገላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣ ጥናት ፌልድማንና ማይባክ ሃይድሮኮርቲዞን በተለያየ የሰውነት ክፍል ምን ያህል እንደሚሰርግ ለኩ። ግንባር ከክንድ 6 እጥፍ፣ የመንጋጋ ጥግ 13 እጥፍ ነበር የሚወስደው። ክሎቤታሶል ደግሞ ከሃይድሮኮርቲዞን በብዙ መቶ እጥፍ የሚበረታ ነው። ሐኪም ለመዳፍና ለክርን የሚያዘውን፣ ያውም ለአጭር ጊዜ የሚያዘውን መድኃኒት ፊት ላይ በየቀኑ ለዓመት መቀባት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሌሎቹም አሉ። ሃይድሮኩዊኖን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳውን ሰማያዊ ወደሚመስል ጥቁረት ይለውጠዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ለማቅያነት ከመዋቢያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ የሚናማታ ስምምነት አባል ሀገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በ2025 ሙሉ በሙሉ እንዲቀር ወስነዋል። በእኛም ሀገር የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጎታል። ሕጉ አለ ማለት ነው። ስም የሌለው ማሰሮ ግን በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል። ይህ ያናድደኛል፤ የሚቀቡት ሴቶች ላይ ሳይሆን፣ ልጅቱ መድኃኒት እየገዛች መሆኑን እንኳ ሳይነግራት ገንዘቧን የሚቀበለው ላይ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሠራተኞች ገዢ መስለው አንድ ቀን ቢዞሩ የሚበቃ ይመስለኛል። ቀላ ያለች ሙሽራ ይሻላል ብለን ልጆቻችንን ያሳደግነው እኛም አለንበት፤ ይህን በአንድ መስመር የማልፈው ሌላ ሙሉ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ነው።

የአክስቴን ልጅ ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰድኳት። የቆዳ ሕክምና በሀገራችን ሩቅ ታሪክ አለው። አለርት የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር፣ ቀድሞ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በነበረበት ቦታ ላይ፤ ዛሬ ለሁሉም ዓይነት የቆዳ ሕመም የሚኬድበት ነው። ወሎ ላይ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዚሁ ሙያ የሚታወቅ ነው። እኛ በሄድንበት ክሊኒክ ያገኘናት ሐኪም መጀመሪያ መብራቱን አስጠግታ ፊቷን በጣቷ ጫን፣ ለቀቅ አደረገች።

ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ መቅላት እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀይ ሆኖ እንደማይታይ ነገረችኝ። ወይን ጠጅ፣ ቡናማ፣ አንዳንዴ አመድማ ይመስላል፤ መጋሉን በእጅ ጀርባ፣ ማበጡን በጣት ነው የሚለዩት። ይህ የእኛ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። ሐኪሞች ቆዳን የሚመድቡበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ለነጭ ቆዳ ብቻ ነበር፤ ጠይሙና ጥቁሩ በኋላ ነው የተጨመረው። ለንደን ውስጥ ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ከመምህራኑ ጋር ሆኖ ሕመሞች ጥቁር ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መጽሐፍ ያዘጋጀው ይህን አይቶ ነው። በጠርሙሱ ላይ «ለቀላ ፊት» የሚል ያነበበች ጠይም ሴት የእሷን ዓይነት ላታስበው ትችላለች፤ ወይም የተቃጠለ ፊቷን «ጠቆርኩ» ብላ ማቅያ ልትጨምርበት ትችላለች። የሁለተኛው ጉዳት የከፋ ነው።

ሐኪሟ ማሰሮውን ከፍታ አሸተተችው፣ ክዳኑንም መልሳ ገጠመች። ቅባቱን የተቀባችበት ጊዜ ረጅም ስለሆነ በድንገት ከመቁረጥ ይልቅ ቀስ በቀስ በሐኪም ክትትል እንደምታወርድላት ገለጸችላት፤ ለወራት ፊቷ ሊያብጥ፣ ሊላጥ፣ ሽፍ ሊል እንደሚችል አልደበቀቻትም። ለፊቷ የፈቀደችላት ለብ ያለ ውሃ፣ ሽቶ የሌለው ወፍራም ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ብቻ ነው፤ መከላከያውም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ የማያቃጥለው ዓይነት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። መከላከያው ውድ ከሆነባት ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ይሁን አለቻት፤ ሻርፑ ግን ጉንጯን እየፈተገ ነውና ይቅር።

«ዶክተር፣ ቶነሩን መቼ ነው የምጀምረው?» አለች የአክስቴ ልጅ። ጠርሙሱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

«ባዶ ውሃ ማቃጠሉን ሲተውሽ። ያኔም መጀመሪያ ክንድሽ ላይ።»